ይድረስ ለራውተሬ የታይም ዞን ዝርዝር

ጉዳዩ፦ አዲስ አበባን ስለመዝለልህ

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኛ አራት ኪሎዎች ከመብራቱ መጥፋት በቀር ደህና ነን።

በራውተሩ አድራሻ 192.168.1.1 ብዬ ቅንብሩ ውስጥ ገብቼ፣ ፓስወርድ ለምኜ፣ ስንት ገጽ አልፌ ነው አንተ ጋ የደረስኩት። ወደ ታች ብስብህ ብስብህ፣ ባግዳድ አለች፣ ሪያድ አለች፣ ኩዌት አለች፣ ናይሮቢ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች፤ የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ ግን የለችም። የ+3ን (ከግሪንዊች ሰዓት 3 ሰዓት የሚቀድመውን) ሰፈር ሁሉ ጠርተህ እኛን ደጅ አስቀረኸን። ኬንያ ጎረቤታችን ናት፣ ቅር አይለንም (ሩጫ ካልሆነ በቀር)። ናይሮቢን መረጥኩ፣ ሰዓቱም ልክ መጣ። ኢንተርኔቱ የሚነግርህ የግሪንዊችን ሰዓት ብቻ ስለሆነ፣ የት እንዳለን ማስረዳት የኛ ዕዳ ነው አሉ። እሺ።

ከሥርህ ያለችው ዴይላይት ሴቪንግ የምትባል፣ የቀን ብርሃን ለመቆጠብ ብላ በበጋ ሰዓቱን ወደፊት የምትገፋ ሳጥንስ ምን ልትሠራ መጣች? እኛ ጋ ፀሐይ ክረምት ከበጋ 12 ሰዓት ገደማ ወጥታ 12 ሰዓት ገደማ ትገባለች። የምንቆጥበው ብርሃን የለንም። ያለን የሚጠፋ መብራት ነው።

መብራት ካልክ ደግሞ፣ የምትኖርበት ራውተር ሰዓት የሚይዝበት ባትሪ የለውም። መብራት ሄዶ ሲመጣ፣ ኢንተርኔት አግኝቶ ሰዓቱን እስኪጠይቅ ድረስ ጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ላይ ነው የሚነቃው። በኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 መሆኑ ነው። ጃንሆይ ገና ዙፋናቸው ላይ ናቸው፣ እኔ ደግሞ ዋይፋይ አልሠራ አለኝ ብዬ እጮሃለሁ።

ይሄን ሁሉ እችለው ነበር። የታችኛዋ እትዬን ነገር ግን አልችልም። «ልጆቹ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ኢንተርኔት እንዳያገኙ ይሁን» ብለው አዘዙ፤ ትልቁ ልጅ፣ እንዴት ያለ ታዛዥ ልጅ መሰለህ፣ ራሱ የነሱ ራውተር ውስጥ ገብቶ 4:00 ብሎ ሞላላቸው። ዋይፋዩ የሚዘጋው ታዲያ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ሆነ! እስከዚያ ቲክቶክ ነው። ወርጄ «እትዬ፣ የምሽቱ 4 ሰዓት ማለት እኮ ራውተሩ ላይ 22 ነው» ብላቸው፣ «ልጄ፣ ዛሬ ቀምሰሃል እንዴ?» አሉኝ።

ስለዚህ ቦነስ አይረስን መረጥኩላቸው። አትሳቅ። አርጀንቲና −3 ላይ ናት፣ ከኛ 6 ሰዓት ወደኋላ። እኛ ጠዋት 1 ሰዓት ስንል ራውተሩ 1 ኤኤም ይላል፤ ምሽት 4 ሰዓት ስንል 4 ፒኤም ይላል። ቀኑ ራሱ በእኩለ ሌሊት መቀየሩን ትቶ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ይቀየራል፣ ልክ እንደ አያቶቻችን። የኢትዮጵያን ሰዓት አጥርቶ የሚቆጥር ራውተር ከፈለግን አርጀንቲናዊ ማድረግ ነው ያለብን ማለት ነው። እትዬ ረክተዋል። ትልቁ ልጅ አኩርፏል።

እንግዲህ አንድ መስመር ጨምርልን። ፊደል ቢያጥርህ «አዲስ» ብቻ ብትል እንረዳለን።

ከሠላምታ ጋር፣
ከአራት ኪሎ፣ ፎቅ ላይ ናይሮቢ፣ ምድር ቤት ቦነስ አይረስ

ግልባጭ፦ ለእትዬ (ትልቁ ልጅ እጅ እንዳይገባ)