ማስተካከያ፦ መርሴዲስ 380 ኤስኤል ሁሉም ነጠላ ቼን አይደለም

ሰሞኑን ሰው እየተቀባበለው ያለ ፖስት አለ፣ "380 ኤስኤል ኮንቨርቲብል የምትሸጡ ዋጋ ቀንሱ፣ የሁሉም ታይሚንግ ቼን ነጠላ ረድፍ ነው፣ ሞተር ይበላል" የሚል። ልክ አይደለም። (ታይሚንግ ቼን ማለት የሞተሩ ቫልቮች ከፒስተኖቹ ጋር በትክክለኛ ጊዜ እንዲሠሩ የሚያደርገው ሰንሰለት ነው።) ነጠላ ረድፍ ያለው ለአሜሪካ ገበያ የወጣው ከ1981 እስከ 1983 (እ.ኤ.አ.) ያለው ሞዴል ነው፣ የ1984 እና የ1985ቱ ከፋብሪካ ባለ ሁለት ረድፍ ሆኖ ነው የመጣው፣ የአምራቹ የቴክኒክ ሰነድም የሚለው ይሄንኑ ነው። ከቀደሙትም ብዙዎቹ በኋላ ወደ ድርብ ተቀይረዋል።

ስንት ዓመት ተንከባክቦ የያዘውን መኪና ፖስቱን አምኖ በርካሽ የሚለቅ ሰው በጣም ያሳዝነኛል። ስለዚህ ለሽያጭ ከማውጣታችሁ በፊት የቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛው ክፍል) ክዳን አስከፍታችሁ በእጅ ባትሪ እያበራችሁ እዩት፣ ቼኑ የሚዞርበት ማርሽ ጥርስ ጎን ለጎን ሁለት መስመር ከሆነ ድርብ ነው፣ ፎቶ አንሱና ለገዢ አሳዩ፣ የተቀየረ ከሆነ ደግሞ ደረሰኙን ከሰርቪስ ደብተሩ ጋር አያይዙት። ነጠላው እስካሁን ካልተቀየረ ግን ለገዢው በግልጽ ንገሩት፣ ቼኑ ሲላላ ወይ ሲበጠስ ቫልቭና ፒስተን ሊጋጩ ይችላሉ፣ ቆዳውና ቀለሙ የቱንም ያህል ቢያምር ይሄ አይደበቅም።