ቁጥሩ ካላማረ አይታተም!

«ቻይና ልዕለ ኃያል ትሆናለች ወይስ አትሆንም?» ብላችሁ የምትከራከሩ፣ እስቲ አንዴ ዐረፍ በሉ። ፈጣን ባቡሯንም የኤሌክትሪክ መኪናዋንም ዓለም አይቶታል። ከ2010 ጀምሮ በኢኮኖሚ ከአሜሪካ ቀጥላ ሁለተኛ ናት። ይሄ ሐሜት አይወጣለትም። እኔ ዛሬ ላደንቅ የተነሳሁት ሌላ ሙያዋን ነው፤ ያላማረ ቁጥርን ድራሹን ማጥፋት!

በጁን 2023 የከተማ ወጣቶች ሥራ አጥነት 21.3 በመቶ ገባ። ሌላ አገር ቢሆን ጭቅጭቅ፣ ሰልፍ፣ ሹም ሽር ይከተል ነበር። ቤጂንግ ግን ነገር አታንዛዛም። ኦገስት ላይ ቁጥሩን ማውጣት አቆመች። በቃ፣ ተገላገለች። ከወራት በኋላ ተማሪዎች ከሒሳቡ ተቀንሰው፣ ቁጥሩ ታጥቦና ተተኩሶ ሲመለስ 14.9 ሆነ። በኦገስት 2024 ያ ባለጌ ቁጥር መልሶ 18.8 ደረሰ እንጂ። አሁንስ ማን ይቀነስ?

ሙያው የቆየ ነው። በ1958፣ በማኦ ዘመን፣ ሕፃናት ባልታጨደ አዝመራ አናት ላይ ቆመው የሚያሳይ ፎቶ ጋዜጣ ላይ ወጣ። ሰብሉ ከጥቅጥቅነቱ የተነሳ ልጅ ይሸከማል! ከሥር አግዳሚ ወንበር ተደብቆ ነበር። ካድሬዎቹም ከሌላ ማሳ የደረሰ ሩዝ እየነቀሉ ለጉብኝት በተዘጋጀው ማሳ ላይ ይሰገስጉት ነበር። መንግሥት በወረቀት ላይ በተጋነነው ምርት ልክ እህሉን ወሰደ። ለገበሬው ወንበሩ ቀረለት። በረሃብ ያለቀው ሕዝብ በሚሊዮኖች ይቆጠራል። ያኔ ግን ማን ይቁጠረው?

ሊ ከቺያንግ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ጨዋታው ገብቷቸው ነበር። በ2007 የሊያዎኒንግ ግዛት የፓርቲ ኃላፊ ሳሉ፣ የዕድገት አኃዙ ሰው ሠራሽ መሆኑን ለአሜሪካ አምባሳደር እየሳቁ እንደነገሯቸው ከሾለከ የኤምባሲ ሰነድ ታውቋል። እሳቸው የሚያምኑት የመብራት ፍጆታን፣ የባቡር ጭነትንና የባንክ ብድርን ነበር። ኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ግዛቲቱም በ2017 የገቢ አኃዟን ለዓመታት ስታሳብጥ እንደነበር አመነች። ምን ታድርግ፣ ሹመት የሚገኘው በዕድገት ነዋ!

እንከን የለሽ ቁጥር ካማራችሁ ወደ ሕዝባዊ ምክር ቤቱ ጎራ በሉ። በ2018 የፕሬዚዳንቱ የሥልጣን ዘመን ገደብ ሲነሳ 2,958 ደገፉ፤ 2 ተቃወሙ። ሁለት! ምን የሚሉት ዝርክርክነት ነው? በ2023 ሺ ጂንፒንግ ለሦስተኛ ጊዜ ሲመረጡ ግን 2,952 ለዜሮ ሆነ። ከዜሮ የሚያንስ የተቃውሞ ድምፅ እስኪገኝ ምርምሩ ይቀጥላል።