«ኃ/ማርያም» ብሎ ፋይል ማስቀመጥ ለምን ይከለከላል?

ዛሬስ ሳልጽፈው አላድርም። ይሄ የኮምፒውተር ፋይል አያያዝ አንገፍግፎኛል።

ሥራዬ ደብረ ብርሃን ላይ ማመልከቻና አቤቱታ መጻፍ ነው። ደንበኞቼ ከመንዝ፣ ከአንኮበር፣ ከጣርማ በር ለጉዳይ የሚመጡ ሰዎች ናቸው። ገና ከመግባታቸው ምን ይሉኛል መሰላችሁ? «ልጄ፣ ያቺን ለጥምቀት ሰሞን የጻፍሽልኝን የመሬት አቤቱታ እስቲ አውጪልኝ።» ልብ በሉ፤ የሚያስፈልገው ሁሉ ተነግሯል። ሰውየውን አውቃቸዋለሁ። ጊዜውን ነገሩኝ። ጉዳዩም መሬት ነው። ኮምፒውተሩ ግን የት እንዳስቀመጥኩትና ምን ብዬ እንደሰየምኩት ካልነገርኩት ንቅንቅ አይልም።

እሺ፣ ስሙን እንይ። መታወቂያቸው ላይ «ኃ/ማርያም» ነው የሚለው። በዚህ ስም ላስቀምጥ ስል አይቻልም ይለኛል። እዝባር (/) ክልክል ናት! ዩኒክስ የሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ፎልደርን ከፎልደር መለያ አደረጋት፤ ዊንዶውስም በፋይል ስም ውስጥ አይፈቅዳትም። የእኛ ሰው ግን በእሷ ነው የሚጽፈው። ወ/ሮ፣ ገ/ጻድቅ፣ ተ/ሃይማኖት፣ ፍ/ቤት፣ የደብዳቤ ቁጥሩ፣ ቀኑ፣ ሁሉም በእዝባር ነው። የሰውን ስም በትክክል መጻፍ የማይችል መዝገብ ምን ዓይነት መዝገብ ነው?

ሙሉውን ስም ብጽፍም አልድንም። «ኃይለማርያም» ብዬ ያስቀመጥኩትን «ሀይለማርያም» ብዬ ብፈልግ ምንም አልተገኘም ይለኛል። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት የሚለዩበት የጋራ የኮድ ሠንጠረዥ ውስጥ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ይሄ ሁሉ ዘመን አልፎ እኔ የምሠራበት መፈለጊያ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን እንደ አንድ መቁጠር አልቻለም። በእንግሊዝኛ ሲሆን ትልቁንና ትንሹን ፊደል ሳይለይ ያገኛል እኮ! በድሮዎቹ ፎንቶች የተጻፉትማ የባሱ ናቸው። ስክሪኑ ላይ አማርኛ ይመስላሉ፤ ውስጣቸው ግን የላቲን ኮድ ነው። በአማርኛ ስትፈልጓቸው ጭራሽ የሉም።

ቀኑ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ለኮምፒውተሩ ጥምቀት ጃንዋሪ ነው። ሰኔ ሚካኤል ያሉኝን ጁን 19 ብዬ፣ ጳጉሜን ያሉኝን ሴፕቴምበር ብዬ በጭንቅላቴ እየመነዘርኩ ነው የምፈልገው። የሚያናድደኝ ስሌቱ ተሠርቶ ያለቀ መሆኑ ነው። የዩኒኮድ ድርጅት በነጻ የሚያቀርበው አይሲዩ የሚባለው የፕሮግራም ስብስብ የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ይዟል። እኔ ጋ ፋይሎቹ የሚዘረዘሩበት መስኮት ላይ ግን አይታይም። ያ ያለው ቀን ራሱ አይታመንም። ፋይሎቹን ወደ ሌላ ኮምፒውተር ስገለብጥ፣ የተፈጠሩበት ቀን ተብሎ የሚታየው የተገለበጡበት ቀን ሆኖ አረፈው።

የሁሉም ሥር ፎልደር ነው። ፋይልን እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የማስቀመጡ ሐሳብ በ1965 እ.ኤ.አ. መልቲክስ በሚባል የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ ቀረበ። በ1981 እ.ኤ.አ. ዜሮክስ ስታር የሚባለው ኮምፒውተር የቢሮ ጠረጴዛና የፎልደር ሥዕል አድርጎ ለገበያ አወጣው። ለዚያን ጊዜ ትልቅ ሥራ ነበር፤ አከብረዋለሁ። ግን ወረቀት ነው አንድ ቦታ ብቻ የሚቀመጥ። የኔ ፋይል የሰውየውም ነው፣ የመሬትም ነው፣ የአንኮበርም ነው፣ የ2016 ዓ.ም.ም ነው። የቱ ውስጥ ይግባ? ኮፒ እያደረግኩ በየቦታው ካስቀመጥኩ ደግሞ አንዱን ሳርም ሌላው ሳይታረም ይቀራል። የሰው ጉዳይ እኮ ነው፤ ያልታረመው ቢታተም ሰውየው ይጎዳሉ።

መፍትሔው ሳይታሰብ ቀርቶ አይደለም። ጂሜይል በ2004 እ.ኤ.አ. ሲመጣ አንድ መልእክት ላይ ብዙ መለያ መለጠፍ ፈቀደ። ማይክሮሶፍትም ፋይልን በይዘቱና በባለቤቱ የሚያገናኝ ዊንኤፍኤስ የሚባል ሥራ በ2003 እ.ኤ.አ. አስተዋውቆ ነበር፤ በ2006 ተወው። እኛ ይኸው እስከ ዛሬ ፎልደር ውስጥ ፎልደር እየከፈትን ነው።

ተማሪዎች መመረቂያ ጽሑፋቸውን ሊያሳትሙ ሲመጡ ፋይሉ ስልካቸው ውስጥ የት እንዳለ ይጠፋባቸዋል። ሰው ይስቅባቸዋል፤ እኔ አልፈርድባቸውም። ስልኩ ፋይሉን በየአፑ ውስጥ ደብቆ ነው ያሳደጋቸው።

እና እናንተ ኮምፒውተር ሳይንስ የምታጠኑ ልጆች፣ የመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕስ ካጣችሁ ይኸውላችሁ። ስም፣ ጉዳይ፣ ቦታ፣ በእኛ ቀን፣ ፊደሉ በየትኛውም ቢጻፍ የሚያገኝ መፈለጊያ ሥሩ። የደንበኞቼን ፋይል አልሰጣችሁም፤ ምስጢራቸው ነው። ግን ኑና ከጎኔ ቁጭ በሉ፤ ሰው ፋይሉን ሲጠይቅ ምን ብሎ እንደሚጠይቅ ስሙ። በተለይ የገበያ ቀን ኑ።