የቅንጦት መኪና ወይስ ርካሽ መኪና፦ የባለቤቱን ገንዘብ የሚበላው የትኛው ነው?

ከጫጫ እስከ ሸዋ ሮቢት ባለው የሰሜን ሸዋ መስመር መኪና ለመግዛት የሚያስብ ሰው ሁሉ ዘመድ ወዳጁን የሚያማክርበት አንድ ጥያቄ አለ። ያጠራቀመውን ገንዘብ በአንድ የቅንጦት መኪና ላይ ቢያውለው ነው ወይስ በርካሽ፣ ነዳጅ ቆጣቢ መኪና ላይ ቢያውለው ነው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲሸጠው ያነሰ የሚከስረው? በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት ሰዎች በጽሑፍ ተከራክረዋል። አንደኛዋ ደብረ ብርሃን ከተማ የሂሳብ አያያዝ የሚያስተምሩ መምህርት ሲሆኑ፣ ሁለተኛው ሸዋ ሮቢት ላይ መኪና በመግዛትና በመሸጥ ሥራ ረጅም ጊዜ የቆዩ ነጋዴ ናቸው።

መምህርቷ፦

የቅንጦት መኪና ከርካሽ መኪና ይልቅ ዋጋውን በፍጥነት ያጣል፤ የሚያጣውም በመቶኛ ሲሰላ ብቻ ሳይሆን በብር ሲቆጠርም ነው። ይህን ጉዳይ አጥብቄ የምይዘው፣ ብዙ ቤተሰብ ከቤት ቀጥሎ ከፍተኛውን ገንዘብ የሚያወጣበት ንብረት መኪና ሆኖ ሳለ፣ በግዢው ቀን የሚጠየቀው «ስንት ነው?» የሚለው ብቻ በመሆኑና «ስሸጠው ስንት ያወጣልኛል?» የሚለው እየተረሳ ሰዎች ሲጎዱ ስለማይ ነው።

በአንድ አዲስ የቅንጦት መኪና ዋጋ ውስጥ ሁለተኛው ገዢ ሊከፍልባቸው የማይፈልጋቸው ብዙ ነገሮች ተካተዋል። የመጀመሪያው ባለቤት የአምራቹን ዋስትና፣ የቅርብ ጊዜውን ስክሪን፣ ሌላ ሰው ያልተቀመጠበትን የቆዳ ወንበርና ሞዴሉን ከሌሎች ቀድሞ በመያዝ የሚገኘውን ክብር ጭምር ይገዛል። ሦስት አራት ዓመት ሲያልፍ ግን ዋስትናው ያበቃል፣ ስክሪኑ ጊዜ ያልፍበታል፣ ፋብሪካውም የተሻሻለ ሞዴል ያወጣል። በአውሮፓና በአሜሪካ ገበያ እንደ መርሴዲስ ኤስ ክላስ ወይም እንደ ቢኤምደብልዩ 7 ያሉ ትልልቅ የጀርመን መኪኖች በዚህ ጊዜ ውስጥ የዋጋቸውን ግማሽ ያህል ማጣታቸው የተለመደ ነው፤ እንደ ቶዮታ ኮሮላ ያለ ተራ መኪና በዚያው ጊዜ የሚያጣው ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ነው። በእነዚያ አገሮች ብዙው የቅንጦት መኪና ከፋብሪካ የሚወጣው ለሁለትና ለሦስት ዓመት በሚታሰር የኪራይ ውል ስለሆነ፣ ውሉ ሲያበቃ ተመሳሳይ መኪኖች በአንድ ጊዜ ወደ ገበያ ይመለሱና አንዱ የሌላውን ዋጋ ያወርዳል።

ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው ምክንያት ጥገና ነው። የመኪናው ዋጋ ሲወርድ የመለዋወጫው ዋጋ አብሮት አይወርድም። አዲስ በነበረበት ዋጋ ሩብ የተገዛ አሮጌ መርሴዲስ የሚፈልገው የአየር ሱስፔንሽን፣ የካምቢዮ ኮምፒውተር ወይም የፊት መብራት ዛሬም ዋጋው የቅንጦት መኪና ዕቃ ዋጋ ነው። አስተዋይ ገዢም ይህን ስለሚያውቅ፣ ነገ ለጋራዥ የሚያወጣውን ገንዘብ ዛሬ ከመኪናው ዋጋ ላይ ቀንሶ ይደራደራል። ወደ እኛ አካባቢ ስንመጣ ይህ ይበልጥ ይከፋል። ደብረ ብርሃን ውስጥ ቪትዝ ወይም ኮሮላ ቢበላሽ የፍሬን ሸራው፣ የፍሪሲዮን ሸራውም ሆነ ራዲያተሩ ብዙ ሳያስቸግር ይገኛል፤ ሞተሩን ፈትቶ የሚገጥም መካኒክም አይጠፋም። የጀርመን የቅንጦት መኪና ግን ዳሽቦርዱ ላይ አንድ የማስጠንቀቂያ መብራት ቢበራበት፣ ችግሩን በኮምፒውተር የሚያነብለት ጋራዥ ፍለጋ 130 ኪሎ ሜትር በሌላ መኪና ተጭኖ አዲስ አበባ ድረስ ሊሄድ ይችላል።

አንድ ቀላል ስሌት ልጨምር። ለክርክሩ ያህል፣ በ2 ሚሊዮን ብር የተገዛ መኪናና በ10 ሚሊዮን ብር የተገዛ መኪና እኩል 20 በመቶ ዋጋ አጡ እንበል። የመጀመሪያው ባለቤት 400 ሺህ ብር ሲያጣ፣ ሁለተኛው ያጣው 2 ሚሊዮን ብር፣ ማለትም አንድ ሙሉ ርካሽ መኪና ነው። ሙሉ የመድን ዋስትና የሚገባ ሰው የሚከፍለው ዓረቦንም ከመኪናው ዋጋ ጋር አብሮ ስለሚያድግ፣ ኪሳራው ገና መኪናው ግቢ ውስጥ ቆሞ ሳለ ይጀምራል።

ነጋዴው፦

እኅቴ፣ ያቀረቡት ስሌት ለአውሮፓና ለአሜሪካ ትክክል መሆኑን እቀበላለሁ። የማልቀበለው ያንኑ ስሌት አምጥቶ ደብረ ሲና አጠገብ ባለው ዳገት፣ ጣርማ በር ላይ መትከሉን ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ አዲስ መኪና እንደ ልብ ስለሚገኝ አሮጌው ይረክሳል። በእኛ አገር የመኪናን ዋጋ ከዕድሜው በፊት የሚወስኑት ታክስ፣ የውጭ ምንዛሪና የመንግሥት መመሪያ ናቸው። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 መኪናው ባረጀና ሞተሩ በተለቀ ቁጥር ታክሱ እንዲከብድ አደረገ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀና፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እነዚህ ሦስት ነገሮች ተደራርበው በአገር ውስጥ ያለውን መኪና፣ የቅንጦቱንም ተራውንም፣ ተፈላጊ አደረጉት። ከገዛበት በላይ በሆነ ብር የሸጠ ሰው ሞልቶ ሳለ ስለ ግማሽ ዋጋ ማጣት ብንነግረው የሚሰማን የለም።

ሁለተኛው መቃወሚያዬ «የቅንጦት» እና «ርካሽ» ብለው መኪኖቹን በሁለት ረድፍ ማሰለፍዎን ይመለከታል። ላንድ ክሩዘር ቪ ኤይት በዋጋው ቢታይ ከቅንጦት መኪኖች ሁሉ ፊት የሚሰለፍ ነው፤ ነገር ግን ከመሐል ሜዳ እስከ ዓለም ከተማ ያለውን ጠጠርና ዳገት የሚያውቅ ሰው ሁሉ የሚመኘው እሱን ነው፤ በሌላውም ዓለም ቢሆን ዋጋቸውን አጥብቀው ከሚይዙት መኪኖች አንዱ ነው። በአንጻሩ ሲገዙ ርካሽ የነበሩ፣ ነገር ግን ስማቸውን ገበያው የማያውቃቸውና መለዋወጫቸው የማይገኝ ትንንሽ መኪኖች ገዢ አጥተው ለወራት ሲቆሙ አይቻለሁ። ስለዚህ ዋጋ የሚጥለው የመኪናው ውድነት ሳይሆን የመለዋወጫ መጥፋትና የፈላጊ ማነስ ነው። እነዚህ ሁለቱ ደግሞ በርካሹም በውዱም ላይ ሊደርሱ ይችላሉ።

ሦስተኛው ነገር ሞተር ነው፤ ይህን የሸዋን ዳገት ሳይወጣ የሚናገር ሰው ይረሳዋል። ተርቦ (አየር ወደ ሞተሩ ገፍቶ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትር ከፍታ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል። ጣርማ በር ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ነውና፣ 1,000 ሲሲ ሞተር ያላት ትንሽ መኪና እዚያ ስትደርስ የቀራት ጉልበት ሁለት ሦስተኛ ገደማ ነው። አምስት ሰው ጭና ከደብረ ሲና ወደ ላይ ስትወጣ ሞተሯን ሳታሳርፍ በዝቅተኛ ማርሽ እያስጮኸች ነው፤ ስትመለስም ቁልቁለቱን ፍሬኗን እየበላች ትወርዳለች። በየዓመቱ ይህን የሚሠራ ሰው መኪናዋን በጥሩ ዋጋ ቢሸጣት እንኳ፣ ለሞተር ማሳደሻ ያወጣውን ገንዘብ በሽያጩ ዋጋ ላይ አላሰበውም። ብዙ የቅንጦት መኪኖች ተርቦ ስላላቸው በከፍታ የሚያጡት ጉልበት ጥቂት ነው።

በመጨረሻም፣ እርስዎ ኪሳራ ያሉት የመጀመሪያው ባለቤት ኪሳራ መሆኑን አይርሱ። ዋጋው ከወደቀ በኋላ በጥንቃቄ አስመርምሮ የሚገዛ ሰው ያንን ውድቀት በሌላ ሰው ገንዘብ አሳልፎታል።

መምህርቷ፦

ጋሼ፣ ስለ ምንዛሪው ያነሱት ቁም ነገር ክርክራችንን ወደ ትክክለኛው ቦታው ያመጣዋል ብዬ ስለማምን ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ። አንድ መኪና በ3 ሚሊዮን ብር ተገዝቶ በ4 ሚሊዮን ብር ቢሸጥ ባለቤቱ አተረፈ የምንለው፣ የተቀበለው 4 ሚሊዮን ብር ቀድሞ 3 ሚሊዮኑ ይገዛለት ከነበረው በላይ የሚገዛለት ከሆነ ብቻ ነው። ዶላሩ በእጥፍ ገደማ በወጣበት ጊዜ መኪናው በሢሶ ብቻ ዋጋ ከጨመረ፣ የጨመረው የብሩ ቁጥር እንጂ የመኪናው ዋጋ አይደለም። የብር መዳከም ሁለቱንም ዓይነት መኪና እኩል የሚያነሳ ስለሆነ፣ የትኛው ዋጋውን እንደያዘ ለማወቅ መኪናን ከብር ጋር ሳይሆን መኪናን ከመኪና ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል። አንድ ሰው መርሴዲሱን በገዛ ጊዜ በዚያ ገንዘብ አምስት ቪትዝ ማግኘት ይችል ከነበረና ዛሬ ሲሸጠው ሦስት ብቻ የሚያገኝ ከሆነ፣ በሽያጩ ውል ላይ የተጻፈው ብር ምንም ያህል ቢበዛ ሁለት ቪትዝ ከስሯል። እኔ ገዢዎች እንዲለማመዱት የምመኘው ይህን ዓይነቱን ስሌት ነው፤ ምክንያቱም የብሩን ቁጥር አይቶ «አተረፍኩ» የሚል ሰው፣ በዚያው ብር ሌላ መኪና ሊገዛ ሲወጣ ነው የሚደነግጠው።

ላንድ ክሩዘርን በተመለከተ ተስማምቻለሁ፤ ግን ተስማምቼ ያበቃሁት እርስዎ ባሰቡት ቦታ አይደለም። የዚያ መኪና ዋጋ የሚቆመው በጠንካራ ሻሲው፣ በአራቱም ጎማ መሳቡና በየቦታው ዕቃው በመገኘቱ ላይ ነው። መንዝ ገበያ ላይ በቅሎ ስትሸጥ የሚታየው እግሯና ዕድሜዋ እንጂ የኮርቻዋ ማማር አይደለም። ተመሳሳይ ሻሲና ሞተር ያላቸውን ሁለት ላንድ ክሩዘሮች፣ አንዱን ተራውን ሌላውን ሁሉ ነገር የተሟላለትን፣ ያነጻጽሩ፤ አዲስ ሲሆኑ በመካከላቸው የነበረው ሰፊ የዋጋ ልዩነት እያረጁ ሲሄዱ ይጠባል። ወንበሩን በሙቀት ለማሞቅና ጣሪያውን በመስታወት ለማድረግ የተከፈለው ገንዘብ የት ደረሰ? ቅንጦት ስል የማወራው ስለዚያ ገንዘብ ነው።

የጣርማ በር ዳገት ትንሿን መኪና እንደሚያደክማት አልክድም። መፍትሔው ግን 1,600 ወይም 1,800 ሲሲ ሞተር ያለው ኮሮላ እንጂ ተርቦ ያለው የቅንጦት መኪና አይደለም። ተርቦው ራሱ ሲበላሽ ከሚያስደነግጡ ዕቃዎች አንዱ ነውና።

ነጋዴው፦

መኪናን በመኪና መለካቱን ወድጄዋለሁ፤ እኛም ገበያ ላይ የምንለዋወጠው እንዲያው ነው። በዚሁ መለኪያ ግን ስለ ነገው እንነጋገር፤ ምክንያቱም አዲስ የሚገባው የቤት መኪና ከእንግዲህ በኤሌክትሪክ የሚሠራው ነው። ዛሬ መንገዱ ላይ የቮልስዋገን አይዲ 4 እና አይዲ 6፣ የቢዋይዲም ትንንሽ መኪኖች እየበዙ ነው። እዚህ ላይ የርካሽና የውድ ልዩነት ትርጉሙ ይቀንሳል። የሁለቱም የዋጋቸው ትልቁ ክፍል ባትሪው ነው፤ ሁለቱም አዲስ ሲመጣ የሚረክሱት በፋብሪካው ውሳኔ ነው። ቴስላ በአውሮፓውያኑ 2023 የአዳዲስ መኪኖቹን ዋጋ ደጋግሞ ሲቀንስ፣ ያገለገለ ቴስላ የያዘው ሰው ምንም ሳያጠፋ ዋጋው ወርዶበታል። ከዚህ በኋላ እኔ ለደንበኛዬ የምመክረው የመኪናውን ደረጃ ሳይሆን የባትሪውን ጤና በመሣሪያ አስለክቶ፣ ውጤቱን ከሽያጭ ውሉ ጋር አያይዞ እንዲገዛ ነው። የሚለካበት ቦታ በየከተማው እስኪስፋፋ ድረስ ደላላው «ባትሪው አልተነካም» ስላለ ብቻ ገንዘብ መክፈል አይገባም። ባትሪው ጤነኛ የሆነ ውድ መኪና ባትሪው ከተጎዳ ርካሽ መኪና ይሻላል።

መምህርቷ፦

የባትሪውን ጤና በሰነድ አያይዞ መሸጥ የሚለውን ሐሳብዎን በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ፤ መደበኛ አሠራር ሆኖ ባይ ደስ ይለኛል። ይሁን እንጂ ባትሪው የእኔን ክርክር አላፈረሰውም። የቅንጦት ኤሌክትሪክ መኪና ብዙውን ጊዜ ትልቅ ባትሪ ስለሚሸከም ባትሪው ሲደክም የሚተካበት ወጪም ትልቅ ነው፤ በሶፍትዌርና በስክሪን ስለተሞላም ከሜካኒካል መኪና ይልቅ እንደ ስልክ በቶሎ ጊዜ ያልፍበታል። በዚህ ላይ የእርስዎ ከተማ አየር ራሱን የቻለ ጉዳይ አለው። የደብረ ብርሃን ብርድ በአንድ ቻርጅ የሚኬደውን ርቀት ለጊዜው ያሳጥራል፤ ሲሞቅ ግን ርቀቱ ይመለሳል። ሙቀት ግን የሊቲየም ባትሪን በዘላቂነት የሚያስረጅ ስለሆነ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ የሚቆም መኪና ባትሪው ደጋ ላይ ከሚውለው ፈጥኖ ይደክማል። በዚያ ሙቀት ውስጥ ሁለት መኪና፣ አንዱን ውድ አንዱን ርካሽ፣ የሚያቆም ሰው፣ እኩል አቅም ካጡት ሁለት ባትሪዎች መካከል የትኛውን ለመተካት ገንዘቡ እንደሚበቃው አስቀድሞ ያስላ።

ነጋዴው፦

ጥላ ሥር እንዲያቆሙት እነግራቸዋለሁ፤ ማታ ማታ ቻርጅ እንዲያደርጉትና ሁልጊዜ እስከ 100 በመቶ እንዳይሞሉትም እነግራቸዋለሁ። ይህን ያደረገ ሰው መኪናው ውድም ሆነ ርካሽ ባትሪው ይቆይለታል። በዚህ አቋሜ እንደጸናሁ ነኝ።