ዳኛው የሚለየው በማርች ነው

ከምርጫው ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ በዳላስ አጠገብ ጋርላንድ ውስጥ ባለ አንድ የሐበሻ ካፌ፣ ሙሉ ልብስ የለበሰ አሜሪካዊ ጠበቃ በየጠረጴዛው እየዞረ ፎቶው ያለበትን ካርድ ያድል ነበር። የሚወዳደረው በዳላስ ካውንቲ የፍትሐ ብሔር ችሎቶች በአንዱ ዳኛ ሆኖ ለመሰየም ሲሆን፣ ከእኛ የሚፈልገው በዴሞክራቲክ ፓርቲ የውስጥ ምርጫ፣ በተለምዶ ፕራይመሪ በምንለው፣ ድምፃችንን ነበር። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነጠላቸውን ገና ያላወለቁ አንዲት እናት ካርዱን አገላብጠው ካዩት በኋላ ወደ እኔ ዘወር ብለው፣ «የልጄ የቤት ኪራይ ጉዳይ እዚያ ፍርድ ቤት ነው ያለው፤ ቢመረጥ ያይልኛል ወይ በለው» አሉኝ። ጠበቃው ይህን ሲሰማ ፈገግታው ሳይጠፋ ሁለት እጆቹን አነሣና፣ በፍርድ ቤት ስለተያዘ ጉዳይ አንዲት ቃል መናገር እንደማይችል ገለጸ። እሳቸውም «ታዲያ ምን ሊለን መጣ?» አሉ። እኔ ይህቺን ሳልተረጉምለት ቀረሁ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ጥያቄዋ ከአእምሮዬ አልወጣችም።

በቴክሳስ ከታችኛው የሰላም ዳኛ ጀምሮ እስከ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ፣ ከማዘጋጃ ቤት ችሎቶችና ከጥቂት ሌሎች በቀር፣ ዳኞች የፓርቲ ስም ይዘው ተወዳድረው ይመረጣሉ። በዳላስ ካውንቲ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ የሚያዩ አምስት የካውንቲ ፍርድ ቤቶች ሲኖሩ፣ የገንዘቡ መጠን የቱንም ያህል ቢሆን ክርክሩን ለመዳኘት ሥልጣን አላቸው፤ በሰላም ዳኛ ፊት ከቤት እንዲወጣ የተፈረደበት ተከራይም በአምስት ቀን ውስጥ ይግባኝ ካለ፣ ጉዳዩ እንደ አዲስ የሚታየው በእነርሱ ዘንድ ነው። የእያንዳንዱ ዳኛ ዘመን አራት ዓመት ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ዴሞክራቶች የካውንቲውን የዳኝነት ወንበሮች ጠራርገው ከወሰዱ ወዲህ፣ የኖቬምበሩ ምርጫ ለእነዚህ ወንበሮች የይስሙላ ያህል ሆኗል፤ ብዙ ጊዜም ሪፐብሊካኖቹ ዕጩ እንኳ አያቀርቡም። ስለዚህ ዳኛው የሚለየው ጥንድ ቁጥር ባላቸው ዓመታት፣ በማርች የመጀመሪያ ማክሰኞ፣ እኛ የዓድዋን በዓል አክብረን ሳንጨርስ ነው። በ2024 ማርች በመላው ቴክሳስ በሁለቱም ፓርቲዎች ፕራይመሪ የመረጡት ሰዎች አንድ ላይ ተደምረው ከተመዝጋቢው መራጭ አንድ አምስተኛ አልሞሉም። ከእነዚህም ውስጥ ከፕሬዚዳንቱና ከእንደራሴዎቹ ስም ጀምሮ ረጅሙን ዝርዝር እየተከታተለ እስከ ካውንቲ ዳኞቹ የሚዘልቀው ሁሉም አይደለም።

ብዙ ወገኖቼ ፓርቲ ያለው ዳኛ ሲባል ፊታቸውን የሚያዞሩበትን ምክንያት እረዳለሁ። አያቶቻችን መንገደኛ አስቁመው «ዳኝነት ተቀመጥልን» ይሉ ነበር፤ መንገደኛው የሚመረጠውም ከሁለቱም ወገን ስላልሆነ ነው። «በሕግ አምላክ» ሲባል እግሩ የሚቆም ሕዝብ፣ በደረቱ የፓርቲ ምልክት ለጥፎ ድምፅ የሚለምን ዳኛ ሲያይ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። በኢትዮጵያ ሕግም ዳኛ የፓርቲ አባል እንዲሆን አይፈቀድለትም፤ የፌዴራል ዳኞችን የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ያጫል፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ያቀርባሉ፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይሾማል። ነገር ግን ሹመቱ ብቻውን ዳኛን ነጻ እንደማያደርግ ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ አቶ ስዬ አብርሃ በዋስ እንዲለቀቁ አዘዙ፤ ተከሳሹ ግን ከፍርድ ቤቱ ሳይርቁ ተመልሰው ተያዙ። ዳኛዋን የሾመው ምክር ቤት እንጂ ድምፅ ሰጪ አልነበረም፤ ሹመቱ ግን ትእዛዛቸውን አላስከበረላቸውም።

ይህን የምለው የቴክሳሱን አሠራር ለማመስገን አይደለም። ከ2004 እስከ 2013 የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የነበሩት ዋላስ ጀፈርሰን፣ ራሳቸው በሪፐብሊካን ስም ተመርጠው ሳለ፣ ዳኛ በፓርቲ መመረጡ እንዲቀር ሕግ አውጪዎቹን ደጋግመው ጠይቀዋል፤ በ2019 በሕግ የተቋቋመ ኮሚሽንም በአብላጫ ድምፅ ይህንኑ ቢመክርም አሠራሩ እስካሁን አልተነካም። በፕራይመሪው ወረቀት ላይ የዕጩዎች ስም ቅደም ተከተል የሚወጣው በዕጣ ነው፤ ሁለቱንም ስሞች የማያውቅ መራጭ የመጀመሪያውን ቢያጠቁር፣ የአራት ዓመት ዳኝነት በዕጣ ተወሰነ ማለት ነው። ገንዘቡ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። በ1995 የወጣው ሕግ፣ ሕዝቡ ከአንድ ሚሊዮን በሚበልጥ የዳኝነት ክልል አንድ ሰው ለአንድ ዕጩ በአንድ ምርጫ የሚሰጠው ከ5,000 ዶላር እንዳይበልጥ ይከለክላል፤ ይሁን እንጂ ለፍትሐ ብሔር ዳኛ ምርጫ ገንዘብ ለማዋጣት የሚቸኩለው ማን እንደሆነ መገመት አያስቸግርም፤ ነገ እዚያው ችሎት ፊት የሚቆመው ጠበቃ ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የምንለውን ተረት እዚህ ሀገር ገልብጠው ሳይሾም በፊት ያበሉታል። ይህ ጉቦ አይደለም፤ ሕጋዊ ነው፣ ተመዝግቦም ለሕዝብ ይታያል፤ እኔ ግን በዚያ ችሎት ተከሳሽ ብሆን መዝገቡን ሳላይ አልገባም።

እንዲህ ከሆነ ለምን እንመርጣለን ለሚለኝ፣ አንድ ቀን ጎረቤቴን ለማስተርጎም አብሬው የሄድኩበትን የሰላም ዳኛ ችሎት ልንገረው። ስም ይጠራል፤ ተከራዩ ካልቀረበ በሌለበት ይፈረድበታል፣ ይህም ደቂቃ አይፈጅም። የአከራዮቹ ወኪል መዝገቦቹን እንደ መጽሐፍ ደርድራ አንዱን ከሌላው ላይ እያነሣች ትመልሳለች። የጎረቤቴ ተራ ሲደርስ ዳኛው ቀና ብለው አዩትና «እንግሊዝኛ በደንብ ትሰማለህ፣ አይደል?» አሉት። እሱም «የስ» አለ። በዚህ ሀገር መጀመሪያ የምንማረው፣ ሲጨንቀን የምንጠለልበት ቃል ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ እኔ ተመልካች ሆኜ ቀረሁ፤ ኪራዩን መክፈሉን የሚያሳየው ደረሰኝም ከኪሱ ሳይወጣ ጉዳዩ አለቀ። በሌላ ቀን፣ በሌላ ችሎት፣ አንዲት ዳኛ ተመሳሳይ «የስ» ሰምተው፣ ወዲያው «እስቲ ምን እንደጠየቅሁህ ንገረኝ» ብለው ተከራዩን መልሰው ሲጠይቁት፣ ዝም ሲልም ቀጠሮ ሰጥተው አስተርጓሚ ሲያስመጡ አይቻለሁ። ሕጉ ለሁለቱም አንድ ነው፤ ተከራካሪው አስተርጓሚ ከጠየቀ ፍርድ ቤቱ እንዲመድብ የቴክሳስ ሕግ ያዛል። ያልጠየቀውን ሰው ግን የሚያድነው የዳኛው ጠባይ ብቻ ነው። ሁለቱም ዳኞች የአንድ ፓርቲ ሰዎች ነበሩ፤ የለዩአቸው መራጮች ከነበሩም የለዩአቸው በማርች ነው።

እኛ ስንቀር ወንበሩ ባዶ አይሆንም። በዚያ ማክሰኞ የሚመጡት ስሞቹን የሚያውቁ ናቸው፤ እነሱም በአብዛኛው በዚያ ሕንፃ ውስጥ ሥራ ያላቸው ሰዎች ናቸው። የፓርቲ አባል ስላልሆንኩ አይመለከተኝም የሚሉ ብዙ ዜጎች ያጋጥሙኛል፤ በቴክሳስ ግን መራጭ በፓርቲ አይመዘገብም፣ የትኛውን ወረቀት እንደሚፈልግ የሚናገረው ምርጫ ጣቢያ ሲደርስ ነው። አንዱን ከመረጠ በዚያው ዓመት ሁለተኛ ዙር ወደ ሌላው መሻገር አይችልም እንጂ፣ በኖቬምበር የፈለገውን ከመምረጥ የሚያግደው የለም። የሚያስፈልገው ዜግነትና ከምርጫው 30 ቀን በፊት መመዝገብ ነው።

ወደ እናትየዋ ጥያቄ ስመለስ፣ ዕጩ ዳኛ ሊለን የሚችለው ነገር ከምናስበው የበለጠ ነው። የዳኞች የሥነ ምግባር ደንብ እንዲህ እፈርዳለሁ ብሎ ቃል እንዳይገባ ይከለክለዋል፤ ይህም ለእኛው ጥበቃ ነው፣ ለእኔ የሚያደላ ዳኛ ነገ ለተከራካሪዬም ያደላልና። ችሎቱን እንዴት እንደሚመራ እንዳይናገር የሚከለክለው ግን የለም። በስንት ሰዓት ችሎት ይከፍታል? ከዚህ በፊት ስንት ክርክር በዳኞች ፊት ተሟግቷል፣ ለአከራይ ነው ወይስ ለተከራይ? ጠበቃ የሌለው ሰው ሲቀርብ ሥነ ሥርዓቱን ያስረዳዋል ወይስ ያጣድፈዋል? ከጠበቆቹ ማኅበር የዳኞች መመዘኛ የመጣ ውጤት ካለውስ ምን ይላል? ከእነዚህ ሁሉ ግን እኔ የማስቀድመው የአስተርጓሚውን ነው።

የዚያን እሑድም የጠየቅሁት ይህንኑ ነበር፤ «የስ» ብሎ ያልገባው ተከሳሽ ቢቀርብልህ ምን ታደርጋለህ? አልኩት። ጠበቃው ጥቂት አሰበና፣ ስፓኒሽ የሚያውቅ ሠራተኛ በችሎቱ እንደሚኖር፣ ስለ ሌላ ቋንቋ ግን እስከዚያች ደቂቃ አስቦበት እንደማያውቅ በግልጽ ነገረኝ። መልሱን ለእናትየዋ ተረጎምኩላቸው። እሳቸውም ካርዱን ከጠረጴዛው ላይ አንሥተው በቦርሳቸው እየከተቱ፣ «እንግዲያው አስቦበት ይምጣ በለው» አሉ። ይህቺን ግን ተረጎምኩለት።