ባቡሩ ለማን ይቆማል?

ድሬዳዋን የወለዳት ዳገት ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ በሐረር በኩል ወደ አዲስ አበባ እንዲዘልቅ ነበር የታሰበው። የሐረርጌ ተራራ ግን ከበደ፣ ወጪውም አልተቻለም። መስመሩ ቆላ ቆላውን ያዘ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ተራራው ግርጌ ሲደርስ ከተማ በቀለ። መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ነበር የተባለው። የነባሯ ሐረር ንግድ ቀስ በቀስ ቁልቁል ወረደ።

የትራንስፖርት ፖሊሲ ስንል ይሄንን ነው የምንለው። መስመር ያሰመረ ሰው የከተሞችን ዕድል አብሮ ያሰምራል። የድሬዳዋው የከዚራ ሰፈር ቀጥ ያሉ ጎዳናዎች፣ ከባቡሩ ጥገና ጋራዥ የወጡት ብረት ሠራተኞች፣ ሁሉም የባቡሩ ልጆች ናቸው።

እኔን የሚከነክነኝ ግን የትንንሾቹ ጣቢያዎች ነገር ነው። ሽንሌ፣ ኤረር፣ አፍደም፣ አዲጋላ። የድሮው ባቡር ቀርፋፋ ነበር፤ ግን ይቆማል። በቆመ ቁጥር ገበያ ነው። አርብቶ አደር እናቶች የግመል ወተት በጄሪካን ሞልተው ይጭኑበታል። ወተት ደግሞ ቀን አይሰጥም፤ በዚያ ሙቀት ጥቂት ሰዓት ከቆየ አለቀለት። ባቡሩ እየተዳከመ ሄዶ ሲቋረጥ የቀረባቸው ጉዞ ብቻ አልነበረም። ገበያቸውም ራቃቸው።

አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ተመረቀ። 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመኪና ቀናት የሚፈጀውን የኮንቴይነር ጉዞ ወደ ሰዓታት አውርዶታል። ወደብ ለሌላት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ አልክድም። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ድሬ ላይ ነፃ የንግድ ቀጠና ተከፈተ። ለአስመጪና ላኪው ጥሩ ታስቧል።

ለባለ ጄሪካኗስ? መስመሩ የታቀደው ሁለቱን ጫፎች፣ ወደቡንና ዋና ከተማውን እያየ ነው። የመንገደኛው ጣቢያ ድሬም፣ አዲስ አበባም ከመሀል ከተማ ርቋል። ሻንጣ የያዘ ሰው ድሬ ላይ መጀመሪያ ባጃጅ ኮንትራት መያዝ አለበት። ሃያ ሊትር ወተት የያዘችው እናት የኮንትራቱን ከከፈለች ምን ሊተርፋት ነው?

ስንት ኪሎ ሜትር ተሠራ ብለን እንደምንጠይቀው ሁሉ፣ የት የት ይቆማል ብለንም እንጠይቅ። ከጣቢያው እስከ ገበያው ያለው የጠጠር መንገድ ከሐዲዱ ጋር አብሮ በጀት ይያዝለት። ሽንሌ ላይ አንድ የወተት ማቀዝቀዣ፣ ጠዋት ጠዋት የምትቆም አንድ ፉርጎ። የሐዲዱ ወጪ አጠገብ ሲቀመጥ ይሄ ምንም አይደለም።