ማስተካከያ፦ ስለ ሳይክልና ስለ አጭር የመኪና ጉዞ የጻፍኩት ቁጥር

ባለፈው ሳምንት «ለአጭር መንገድ ሳይክል» ብዬ በለጠፍኩት ጽሑፍ ላይ፣ የቤንዚን መኪና በ1 ኪሎ ሜትር 2.3 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል ብዬ ነበር። ስህተት ነው። 2.3 ኪሎ ግራም የሚወጣው ከ1 ሊትር ቤንዚን ነው። የሊትሩን ቁጥር ለኪሎ ሜትር ሰጥቼዋለሁ። ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ትክክለኛው ቁጥር አገሮች የጋዝ ልቀታቸውን ሲቆጥሩ ከሚጠቀሙበት መደበኛ ስሌት የተወሰደ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን 1 ኪሎ እንኳ ሳይሞላ እንዴት 2.3 ኪሎ ጋዝ ይወጣዋል ብላችሁ ለጠየቃችሁ፦ ካርቦኑ ሲቃጠል ከአየር ኦክስጅን ስለሚጨምር ነው።

ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር የሚፈጅ መኪና ለ3 ኪሎ ሜትር ጉዞ ግማሽ ኪሎ ግራም ያህል ይለቃል፤ እኔ ግን ወደ 7 አድርሼው ነበር። በ22 የሥራ ቀን ደርሶ መልስ ሲታሰብ 24 ኪሎ ግራም ገደማ እንጂ 300 አይሆንም። በእኔ ቁጥር የየራሳችሁን ጉዞ ያሰላችሁ እባካችሁ እንደገና አስሉት። በሜክሲኮና በለገሃር መጨናነቅ፣ ሞተሩም ገና ሳይሞቅ፣ ፍጆታው ከ8 ሊትር ከፍ ስለሚል 24ቱን እንደ ዝቅተኛ ግምት ያዙት። ስሌቱ የኤሌክትሪክ መኪናን አይመለከትም።

ሐሳቤን አልቀየርኩም፤ የቸርችል ጎዳናን ዳገት ወደ ፒያሳ በሳይክል መውጣት ቢያደክምም 24 ኪሎ ግራምም ቢሆን ለእኔ ብዙ ነው። የቀድሞውን ጽሑፍ አርሜዋለሁ። ያጋራችሁት ይህንንም አጋሩልኝ።